በቅሎዬና ጭብጦዬ

እኛ ሰፈር «ተባረረ» የሚለው ግስ ለሦስት ፍጡራን ያገለግላል፤ ለውሻ፣ ለሌባ እና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ውሻው ለምን እንደተባረረ ይታወቃል፤ ሥጋ አይቶ ነው። ሌባውም ለምን እንደተባረረ ይታወቃል። ተማሪው ለምን እንደተባረረ ግን ጎረቤት አያውቅም፣ አባቱ አያውቅም፣ እናቱ አታውቅም። ብዙ ጊዜ ራሱ ተባራሪውም በቅጡ አያውቀውም። «ነጥብ አልመጣለትም» ይባላል፤ አለቀ። ነጥቡ ከየት ነበር የሚመጣው? ስንት ጎደለው? የጎደለውስ በማን እጅ ነበር? ጠያቂ የለም።

እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄያለሁ። (ሥራስ አገኘሽ ወይ የምትሉኝ፣ ተራ ያዙ፤ ከፊታችሁ እናቴ አለች።) ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የተነገረን ነገር ቢኖር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነው። ስለ ሚኒስትር፣ ስለ ከንቲባ፣ ስለ ዳቦ ዋጋ «ለምን» ማለት ይቻላል። ስለ ራስ ማርክ «ለምን» ያለች ተማሪ ግን «ነገረኛ» ትባል ነበር። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ባልጠራውም ጓደኞቼ ከሌላ ግቢ ሆነው «የእኛም እንደዚያው ነው» ማለታቸው አይቀርም።

መራዊን ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት፣ የሰሜን ሜጫ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የቆጋ መስኖ ጎረቤት ናት። ዩኒቨርሲቲ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከመባላቸው በፊትም፣ የከተማችን ሰው ፖሊን በመካኒኩ፣ ፔዳን በአስተማሪው ያውቃቸው ነበር። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ የገባ፣ የወጣ ወይም የተመለሰ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ይሁንና ስለ መግባት ብዙ እናወራለን፣ ስለ መውጣት ድግስ እንደግሳለን፣ ስለ መመለስ ግን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

የሁለት ማርክ ነገር

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። አትፍሩ፣ እኔ የሶሻል ተማሪ ነበርኩ፤ እኔ የገባኝ ሂሳብ ለማንም ይገባል።

በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የውጤት መለኪያ ቋሚ ነው። ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ (እስከ 60) ያገኘ ሲ ነው፤ ዋጋው 2.00። ከ45 እስከ 50 ያለው ሲ ማይነስ፣ ዋጋው 1.75። ከ40 እስከ 45 ያለው ዲ፣ ዋጋው 1.00። ከ30 እስከ 40 ያለው ኤፍ ኤክስ፣ ከ30 በታች ኤፍ ነው፤ ሁለቱም በነጥብ ረገድ ዜሮ ናቸው። ልዩነታቸው ኤፍ ኤክስ ያገኘ ተማሪ እንደየግቢው ደንብ ድጋሚ ፈተና እንዲቀመጥ በር መከፈቱ ነው። ከላይ ደግሞ 85 የደረሰ ኤ ያገኛል፤ 4.00። ይህ ቁጥር በየኮርሱ ክሬዲት ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። የሚወጣው ጂፒኤ ነው። ለመመረቅ አጠቃላዩ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከታች የሚወድቀው እንደ አወዳደቁ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል (በእኛ ቋንቋ «ዋርኒንግ»)፣ ወይም ይሰናበታል (በእኛ ቋንቋ «ኤዲ»)። መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር እንደ ዓመቱ፣ እንደ ሴሚስተሩና እንደ ግቢው ደንብ ይለያያል፤ ለፍሬሽ ትንሽ ይላላል፣ ለሲኒየር ይጠብቃል።

አሁን አንድ ልጅ አምስት ኮርስ ወሰደ እንበል፤ ሁሉም ባለ ሦስት ክሬዲት። በሦስቱ ሲ አገኘ። በአራተኛው 49፣ ሲ ማይነስ። በአምስተኛው 44፣ ዲ። ደምራችሁ ስታካፍሉ 1.75 ይመጣል። ያ 44 ግን 45 ቢሆን ኖሮ ልጁ 1.90 ነበረው። 49ኙም 50 ቢሆን 1.95። በሁለት ማርክ ብቻ 0.20 ነጥብ። በሁለት ማርክ አንዱ ልጅ ማደሪያው ቁልፍ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ፍራሹን ጠቅልሎ መናኸሪያ ይወርዳል ማለት ነው።

ሁለት ማርክ ምን ያህል እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ። አንድ የአጭር መልስ ጥያቄ ናት። መምህሩ ሲያርም ምሳ ሰዓት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ገጽ ሲገለብጥ የኋላውን ዘልሎት ሊሆን ይችላል። ሲደምር 7ቱን እንደ 1 አንብቦት ሊሆን ይችላል። ሲያስገባ የአንዱን መስመር ለሌላው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ሆን ብሎ ነው አላልኩም። ሰው ነው እያልኩ ነው።

ልጁ በትክክል 44 አግኝቶም ይሆናል። ይሄም ይሆናል! ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፤ እንዴት ያውቃል?

በቅሎና ጭብጦ

አባቶቻችን አንድ ተረት አላቸው፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። በቅሎን የሚያህል ሀብት በፍርድ ቢወሰድብኝ እሺ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ያለ ፍርድ የተወሰደችብኝ አንዲት ጭብጦ ግን ስትቆጨኝ ትኖራለች ማለት ነው። ጭብጦ እንግዲህ የመንገድ ስንቅ ናት፤ በአንድ እጅ የምትያዝ ቁራሽ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ያስተማረን መምህር ነበር። ጥብቅ ነው፣ ቀልድ አያውቅም፣ ሲያርም ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም። ነገር ግን ሚድ ፈተና ባረመ በሳምንቱ ወረቀታችንን ይዞ ክፍል ይገባል። እያንዳንዳችን ወረቀታችንን እናያለን፣ እንደምራለን፣ ጥያቄ ያለን እጃችንን እናወጣለን። ተሳስቶ ከሆነ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ እዚያው ያስተካክላል። ካልተሳሳተ መልሱ ለምን እንደማያስኬድ ያስረዳል። በዚያ ሴሚስተር መጨረሻ ዲ እና ኤፍ ያገኙ የክፍላችን ልጆች ነበሩ። አንዳቸውም ሲራገሙት አልሰማሁም። በቅሏቸው በፍርድ ሄዳለች።

በሌላ ኮርስ እኔ ራሴ ቅሬታ አቀረብኩ። የጠበቅኩት ውጤትና የተለጠፈው አልተገናኘልኝም፤ ያንገበገበኝ ግን ማነሱ ብቻ አልነበረም። ሚዱን አላየነውም፣ አሳይመንቱ አልተመለሰልንም፣ ፋይናሉ ከስንት እንደታረመ አናውቅም፤ የተለጠፈው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ፎርሙን ሞላሁ፣ አስፈረምኩ፣ አስገባሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ መልስ መጣ፤ አንድ መስመር። «ታይቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።» ማን አየው? ከምን ጋር አመሳከረው? ወረቀቱስ የት አለ? የጠየቅኳት ጸሐፊ አዝና አየችኝና «እህቴ፣ አለፍሽ አይደል?» አለችኝ።

አልፌያለሁ። ዛሬ ትራንስክሪፕቴ ላይ ያቺ ፊደል ብዙም አታጎድልብኝም። ግን እስከ ዛሬ ጭብጦዬ ናት።

ወረቀት ማየት አዲስ የፈረንጅ ፈሊጥ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። እኛ ጎጃሞች የቅኔ አገር ልጆች ነን፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ስሙ የማይጠራበት ሽማግሌ የለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ በሰው ፊት ይሰማዋል፣ የሰበረውን እዚያው ያርምለታል፣ ምክንያቱን ይነግረዋል። ካልሆነለት ደግሞ ነገም ይቀርባል። ከዚያ ቤት ውስጥ ድህነት አለ፣ ረሃብ አለ፣ ኩርኩምም አለ። ታትሞ የማይታይ ማርክ ግን የለም። ፈተናን በምስጢር መያዝና እርማትን በምስጢር መያዝ ለየቅል ናቸው። ጥያቄው ከፈተናው በፊት ምስጢር መሆኑ ተገቢ ነው። መልሱ ከፈተናው በኋላ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የማናነበው መጽሐፍ

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕግማ አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ሦስት ጊዜ ወጥቷል፤ በ1995 ዓ.ም. 351፣ በ2001 ዓ.ም. 650፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 1152። በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ደንቡን በሴኔቱ ያወጣል። ተማሪው «ሌጅስሌሽን» የሚለው እሱን ነው። ውስጡን ብታነቡት ትገረማላችሁ። ውጤት የማስመርመር መብት አለ። በሕመም፣ በሐዘን፣ በቤተሰብ ችግር ትምህርት አቋርጦ በሥርዓት የመውጣት መንገድ አለ። ከተሰናበቱ በኋላ እንደገና ለመግባት የማመልከት መንገድ አለ። በበቂ ምክንያት ፈተና ላመለጠው ማካካሻ አለ።

ችግሩ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መጻፉ፣ መቶ ገጽ ማለፉና እኛ ጋ አለመድረሱ ነው። ለፍሬሽ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠው ነገር ፍራሽ፣ የካፌ መታወቂያና የወጪ መጋራት ፎርም ነው። ወጪ መጋራቱን ያስፈርሙናል፤ ዕዳችንን ማወቅ አለብና! መብታችንን ግን ማንም አያስፈርመንም። ደንቡን የምንተዋወቀው በመስኮት ነው። የሬጅስትራር መስኮት ውስጥ ያለው ሰው «ሕጉ አይፈቅድም» ሲል ያኔ ሕግ እንዳለ እናውቃለን።

የዶርም ጓደኛዬን ላንሳ። ስሟን አልናገርም፤ ከመራዊም አይደለችም። ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቷ ታመመች የሚል ስልክ መጣ። የበኩር ልጅ ናት፤ ታናናሾቿ ትንንሽ ናቸው። በዚያው ሌሊት ልብሷን ሸክፋ ሄደች። እናቷን ሆስፒታል ስታስታምም፣ ቤት ስትጠብቅ፣ ፋይናል ፈተና አለፈ። በየኮርሱ «ኤንጂ» ተጻፈባት፤ ውጤት የለም ማለት ነው። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ «ኤንጂ»ው ወደ ኤፍ ተለወጠ። አምስት ኤፍ። ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስ ኤዲ ሆናለች።

አንድ ገጽ ፎርም ነበር የሚያስፈልጋት። ከግቢ ከመውጣቷ በፊት ሞልታ፣ አስፈርማ፣ ለሬጅስትራር ብትሰጥ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ከወጣችበት ቦታ ትቀጥል ነበር። ፎርሙ መኖሩን እሷ አታውቅም። እኔም አላውቅም። የዶርማችን ስድስት ልጆች አናውቅም። የነገረን ሰው አልነበረም። መስኮቱ ጋ አብሬያት ቆሜ ነበር። «ሳታሳውቂ ለምን ሄድሽ?» አላት ሰውየው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። እሷም ክፋት በሌለው ድምፅ «እናቴ ታማብኝ» አለች። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ከሁለቱ እውነት የትኛው እንደሚያሸንፍ ደንቡ ቀድሞ ወስኖ ነበር። ለተሰናበተ ተማሪ የማመልከቻ መንገድ እንዳለ እንኳ የሰማነው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ደውዬ ስነግራት «ተይው፣ እማ ልብስ አጣቢ አድርጋ አላስተማረችኝም፤ አሁን ተመልሼ የማንን ፊት አያለሁ?» አለችኝ። ያፈረችው በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«ቢሮ ነይና እንነጋገር»

እዚህ ላይ ወንድሞቼ ትንሽ ታገሡኝ፤ እህቶቼ የምለው ይገባቸዋል።

እርማት ምስጢር ሲሆን ማርክ የመምህሩ የግል ንብረት ይሆናል። ንብረት ደግሞ ይሰጣል፣ ይነፈጋል፣ ይሸጣል። አንዲት ተማሪ 44 ለምን እንዳገኘች ለማወቅ ያላት ብቸኛ መንገድ የመምህሩን ቢሮ ማንኳኳት ከሆነ፣ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ምን ሊባል እንደሚችል የማያውቅ ግቢ የለም። ሁሉም መምህር እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም፤ አብዛኞቹ አይደሉም። ነገር ግን ደንብ የሚጻፈው ለደጉ መምህር አይደለም። ደጉማ ያለ ደንብም ደግ ነው።

የማውቃቸው ሴቶች ብዙዎቹ ቅሬታቸውን የተዉት ውጤቱን አምነውበት አይደለም። ቅሬታው የሚታየው የተከሰሰው መምህር በሚሠራበት ክፍል፣ በባልደረቦቹ በመሆኑ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተርም ያስተምራታል። መመረቂያ ጽሑፏንም ሊያማክራት ይችላል። ስለዚህ ጭብጦዋን ትታ ትሄዳለች። መፍትሔው ደግሞ ሮኬት አይደለም። ወረቀቱ ላይ በስም ፋንታ ኮድ ይጻፍ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ማን እንዳረመን አናውቅም፣ አራሚውም አያውቀንም። ቅሬታ ሲመጣ ሌላ መምህር፣ ስሟን ሳያይ፣ ወረቀቱን ብቻ ያርመው። ወጪው ጥቂት ቶነርና ትንሽ ፈቃደኝነት ነው።

መምህራኑም የሚሉት አላቸው። አንድ መምህር ሦስት አራት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉ ከሃምሳ በላይ ተማሪ አለ። ደመወዙ የወር አስቤዛ አይሸፍንም። ወረቀት መልሶ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ መነጋገር ጊዜ ይፈልጋል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጥብቅ መምህራችንም ያን ያህል ተማሪ ነበረው።

መውጫው ላይ የቆመው ፈተና

የእኛ ባች ደግሞ ሌላ ዕጣ ደርሶታል። አራት ዓመት ሙሉ ፊደል ስንለቅም ኖረን፣ ጥቁር ጋውን ለመልበስ ስንዘጋጅ፣ የመውጫ ፈተና መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ተሰጠ። ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ምርጫ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሃምሳ ያላመጣ፣ ጂፒኤው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል።

ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ። በዚያ ዙር ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ። በዚያው ዓመት በጥር ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ከቀሪው ለከፊሉ የማካካሻ ትምህርት ተፈጠረለት፤ እዚያም ከማዕከል በሚመጣ ፈተናና በዩኒቨርሲቲው ምዘና ድምር ይለፋል። እንግዲህ በመግቢያው ፈተና፣ ከገቡ በኋላ ፈተና፣ በመውጫው ፈተና።

ብዙ ሰው የመውጫ ፈተናን ይራገማል። እኔ ስለ እሱ ሁለት ልብ ነኝ። በአንድ በኩል ለሁሉም እኩል ነው፤ የማንም ቢሮ አይንኳኳም፣ ማንም «ነይና እንነጋገር» አይልም። የመንደራችን ገበሬ ልጅም የባለሥልጣን ልጅም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያያሉ። በዚህ በኩል በቅሎ ነው፤ በፍርድ የሄደ።

በሌላ በኩል ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። እነዚያ የወደቁ ልጆች ከሞላ ጎደል በየግቢያቸው 2.00 እና ከዚያ በላይ ይዘው የመጡ ናቸው። በየሴሚስተሩ «አልፈሃል» ተብለዋል። ቤተሰባቸው ከፍሏል፤ የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ በጬ ሸጦ፣ ከዓረብ አገር ልኮ ከፍሏል። አራት ዓመት «አልፈሃል» ሲባል የኖረ ሰው በመጨረሻው ቀን «አላለፍክም» ከተባለ፣ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። የቅጣቱን ዋጋ ግን የከፈለው ተማሪው ብቻ ነው። ፊደሉን ያደለው ግቢ የከፈለው ብዙም አይታየኝም።

የድሮ ሰዎች «የገና ተመራቂ» የሚል ቀልድ ነበራቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄደውን ልጅ ነበር እንዲያ የሚሉት። ጨካኝ ቀልድ ነው። ግን ያ ልጅ ቢያንስ በአራት ወሩ ነው ያወቀው። የእኛ ዘመን ልጅ በአራት ዓመቱ ያውቃል።

ደብዳቤ የሚጽፍ ቀበሌ ሳይኖር

ይህን ሁሉ የምጽፈው መራዊ ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያገሬ ሰው ይታዘበኛል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነት ገባ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን መራዊ አትረሳውም፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ማረጋገጡን ገልጿል። እነዚያ ሰዎች ወንድሞችና አባቶች ነበሩ። ልጅ ሊያስተምሩ ያሰቡ፣ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ነበሩ።

አሁን ደንቡን አስቡት። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ማስረጃ አቅርቦ…» ይላል። ማስረጃውን ማን ይጻፍለት? ቀበሌው በተዘጋበት ወር የቀበሌ ማኅተም ከየት ይመጣል? መንገድ ሲዘጋ ማመልከቻውን በምን ያድርሰው? በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ፣ የምዝገባ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ ነበር። ማስታወቂያው ወጥቷል፤ መራዊ ግን አልደረሰም። ቀነ ገደቡ ግን ሁልጊዜ ይደርሳል፤ ለእሱ ኔትወርክ አያስፈልገውም።

የጎረቤታችን ልጅ በዚያ ዘመን ከሌላ ክልል ግቢው ጥሪ ሲመጣ መውጣት አልቻለም። ሲደርስ ምዝገባ አልቋል። «ለምን ዘገየህ?» ተባለ። ምን ብሎ ይመልስ? እናቱ እትዬ ብዬ የምጠራቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ ጠየቁኝ፤ «አንች የተማርሽው ጋዜጣ አይደል፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ ምን አጠፋ ተብሎ ነው የመለሱት?» አሉኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ደንቡን፣ ቀኑን፣ ፎርሙን። ሰምተው ሲጨርሱ ስኒውን አስቀምጠው «እንግዲያማ አጥፍቶ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ተባረረ» አይሉም። «ቀኑ አለፈበት» ነው የሚሉት። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት አመልክቶ ተመልሷል፤ ግን ያን አንድ ዓመት አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በር ሲገባና ሲወጣ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ደንብ ይላላ አላልኩም። ሐኪም ሆኖ የሚያክመኝ፣ ድልድይ የሚሠራልኝ ሰው በርኅራኄ ያለፈ እንዲሆን አልፈልግም። 2.00ም ይኑር፣ ኤፍም ይኑር፣ ስንብትም ይኑር። የምጠይቀው ጭብጦው ነው።

አንደኛ፣ ደንቡ ከፍራሹ ጋር ይሰጠን። መቶውን ገጽ አላልኩም፤ አሥር ገጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ተማሪው በሚያነበው ቋንቋ። ሁለተኛ፣ የታረመ ወረቀት ለተማሪው ይታይ። ሦስተኛ፣ ቅሬታን ያረመው ሰው ወይም የጠረጴዛ ጎረቤቱ አይዳኘው። አራተኛ፣ የስንብት ደብዳቤ ላይ ከ«ተሰናብተሃል» ቀጥሎ ሌላ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፦ ለመመለስ እስከ መቼ፣ የት፣ በምን ማመልከት ይቻላል። አምስተኛ፣ አገር ሲታመም ቀነ ገደብም ይታመም።

እስከዚያው ግን ሴኔቱን አንጠብቅም። ዘንድሮ ግቢ የምትገቡ፣ ወይም ታናሽ ወንድምና እህት የምትልኩ፣ ሦስት ቀን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ፦ በሥርዓት አቋርጦ ለመውጣት የመጨረሻው ቀን፣ ውጤት ለማስመርመር የመጨረሻው ቀን፣ እንደገና ለመግባት የማመልከቻው ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። ይስቁባችሁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ቤት ውስጥ ችግር ቢመጣ ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ያቺን አንድ ገጽ ሙሉ፤ መሙላት ባትችሉ ዶርም ያለ ጓደኛችሁ ይሙላላችሁ፣ ይጠይቅላችሁ።

ወላጆችም፣ ልጁ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ «ምን አጠፋህ?» አትበሉት። «ወረቀትህን አሳይተውሃል?» በሉት። አሳይተውት ከሆነ አብራችሁ ዕዘኑ፤ ነገም ሌላ ቀን ነው። ካላሳዩት ደግሞ ጫማችሁን አድርጉና አብራችሁ ሂዱ። ሚኒባሱ በየሰዓቱ አለ።

ቸር ይግጠመን።